ጎንደር ላይ ለሥራ የሚሆን ኢንተርኔት፦ ሲም ካርድ፣ ራውተር፣ ኮፐር ወይስ ፋይበር?

ጥር 12 ጠዋት ነው። ከተማው ገና ከበዓሉ አልወጣም። የእህቴ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ አንድ እንግዳ ሻንጣውን ይዞ መቀበያው ላይ ቆሟል። ባጃጁ በር ላይ ጥሩንባውን ይነፋል። አውሮፕላኑ ከአዘዞ ሊነሣ ነው። የሦስት ሌሊት ሂሳቡን በባንክ አፕ ላከ። ክቧ ዞረች፣ ዞረች። "ከእኔ ወጥቷል" አለ። እህቴ ስልኳን አየች። "ወንድሜ፣ እኔ ጋ ግን ምንም አልገባም" አለችው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስክሪኑን ፎቶ አንሥታ ሸኘችው። ገንዘቡ ማታ ገባ። እሷ ግን ምሳዋን አልበላችም።

ማታ ቡና ላይ "ፋይበር ላስገባ እንዴ?" አለችኝ።

ሥራዬ ለሱቆችና ለትንንሽ ቢሮዎች ኔትወርክ መዘርጋት ነው። ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማለሁ። አብዛኛው ሰው "የቱ ይፈጥናል?" ብሎ ይጀምራል። ምርጫው የሚበላሸው እዚያው ላይ ነው።

ፍጥነት ለምን መጀመሪያ አይመጣም

ስለ ዲጂታል መሠረተ ልማትና ስለ አገር እድገት ሲወራ አንድ ቁጥር አይጠፋም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት፣ በታዳጊ አገሮች ከ100 ሰው መካከል የብሮድባንድ (የፈጣን ኢንተርኔት) ደንበኛ በ10 ሲጨምር የነፍስ ወከፍ ገቢ እድገት በ1.38 መቶኛ ነጥብ ከፍ ይላል። ደስ የሚል ቁጥር ነው። ግን የብዙ አገሮች አማካይ ነው። አራዳ ያለች አንዲት ሱቅ ነገ ምን ታተርፋለች ለሚለው መልስ የለውም።

ለሱቋ የሚቀርቡት ሌሎች ጥናቶች ናቸው። ኒጀር ውስጥ የሞባይል ስልክ ሲገባ በገበያዎች መካከል የነበረው የእህል ዋጋ ልዩነት ከ10 እስከ 16 በመቶ ቀነሰ። ነጋዴዎቹ ያደረጉት ነገር ቢኖር መደወል ነው። "እዚያ ማሽላ ስንት ገባ?" ብሎ መጠየቅ። ኬንያ ላይም በስልክ ገንዘብ መላኪያው ኤምፔሳ 194 ሺህ ቤተሰቦችን ከድህነት እንዳወጣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ያ ሁሉ ገንዘብ የተላላከው በአብዛኛው በተራ የቁልፍ ስልክ ነው፤ ዳታ አልፈለገም።

ስለዚህ ለውጥ ያመጣው የመስመሩ ፍጥነት ሳይሆን በሚፈለግበት ሰዓት መገኘቱ ነው። ብር ከእጅ ወደ እጅ በሚያልፍባት ደቂቃ የሚጠፋ 100 ሜጋ፣ ያኔ ከሚሠራ 4 ሜጋ ያንሳል። እኛ ደግሞ ይህን በመጽሐፍ አልተማርነውም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ ነበር። የትኛው ሥራ በምን ላይ እንደቆመ ያኔ ሁሉም አየው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው፦ መስመሩ ሲቋረጥ ስንት ብር ታጣላችሁ? በግምት አይደለም፤ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። እንበል ሱቃችሁ በቀን 10 ሰዓት ይከፈታል። በስልክ የሚከፍሉ 20 ደንበኞች አሏችሁ፣ እያንዳንዱ በአማካይ 350 ብር ያወጣል። ኔትወርክ 2 ሰዓት ሲጠፋ 4 ደንበኛ ይነካል። ሁለቱ ጥሬ ብር ያወጣሉ፣ ሁለቱ ይሄዳሉ። የጠፋው ሽያጭ 700 ብር ነው። ትርፋችሁ 20 በመቶ ከሆነ ያጣችሁት 140 ብር። በወር 6 ቀን እንዲህ ካጋጠመ 840 ብር። እንግዲህ ለመጠባበቂያ መስመር በወር ከ840 ብር በላይ መክፈል ለዚያች ሱቅ ኪሳራ ነው። ለእንግዳ ማረፊያ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው፤ አንድ ያመለጠ ቡኪንግ የወሩን ክፍያ ሊበልጥ ይችላል።

ሁለተኛው መብራት ነው። ራውተር ትንሽ ነገር ነው፣ 10 ዋት ገደማ ይበላል። 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት የሆነች የዩፒኤስ ባትሪ ግማሿን ብቻ ብትጠቀሙ ራውተሩን 4 ሰዓት ያህል ትይዛለች። ይህን የማያውቅ ሰው መብራት በጠፋ ቁጥር "ኢንተርኔት የለም" ይላል፤ ኢንተርኔቱ ግን በሩ ድረስ መጥቶ ቆሟል።

ሦስተኛው ሰው የሚረሳው ነው፦ ወደ ላይ የመጫን ፍጥነት። ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው የማውረዱ ነው። በጥር ሠርግ የሚሠራ ፎቶ አንሺ 300 ፎቶ ይልካል እንበል፣ እያንዳንዱ 8 ሜጋ ባይት። ድምሩ 2.4 ጊጋ ነው። መጫኛው በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ከሆነ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። 10 ሜጋ ቢት ከሆነ 32 ደቂቃ። በነገራችን ላይ ሜጋ ቢትና ሜጋ ባይት አንድ አይደሉም፤ ቢቱን ለ8 ስታካፍሉ ባይቱን ታገኛላችሁ። "10 ሜጋ ገዝቼ 1 ሜጋ ነው የሚያወርደው፣ ተበላሁ" የሚሉ ደንበኞች አሉኝ። አልተበሉም።

ከዚያ ሁለት ቀሪ ነገሮች አሉ። ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል፣ ለመጀመርስ ስንት ይጠይቃል።

የሞባይል ዳታ

ስልካችሁ ላይ ፓኬጅ ገዝታችሁ፣ ካስፈለገም በሆትስፖት ለኮምፒውተር ማካፈል። ለመጀመር ምንም አያስወጣም። ስልኩ ባትሪ ስላለው መብራት ቢጠፋም ይሠራል።

ችግሩ ሕዝብ ሲበዛ ነው። አንድ የኔትወርክ ማማ ያለውን አቅም በሥሩ ላለው ሰው ሁሉ ያካፍላል። በጥምቀት ሳምንት ፋሲል መዋኛ አካባቢ፣ ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ውስጥ፣ አራት መስመር ሙሉ እያሳየ ምንም አይከፍትም። ምልክቱ ማማው እንደሚታይ ነው የሚነግራችሁ፤ ቦታ እንዳለ አይደለም።

የከተማችን አቀማመጥም አለ። ጎንደር ኮረብታና ሸለቆ ነው። ወደ ጎሃ ተራራ ወጣ ሲሉ የሚገኘው ምልክት ወንዙ ዳር ስትወርዱ ይጠፋል። ፒያሳ ያሉት የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች ደግሞ ግድግዳቸው ወፍራም ነው። ከመስኮቱ ሦስት እርምጃ ገባ ስትሉ ግማሹ ይቀራል።

ሁለት ሲም መያዝ ይረዳል። ሳፋሪኮም በ2015 መስከረም በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህ አማራጭ አለን፤ ከዚያ በፊት ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነበር። ግን ሁለት ሲም ማለት ሁልጊዜ ሁለት መንገድ ማለት አይደለም። አዲሱ ኩባንያ ሲገባ ማማና የማስተላለፊያ መስመር በከፊል ተከራይቶ ነው የጀመረው። መንገድ ሥራ ላይ አንድ እስካቫተር ዋናውን ፋይበር ከቆረጠ ሁለቱም ሊጠፉ ይችላሉ። ሁለተኛውን ሲም ከመግዛታችሁ በፊት ከጓደኛ ተዋሱና ሱቃችሁ ውስጥ፣ በሥራ ሰዓት ሞክሩት። ቤታችሁ ውስጥ ማታ መሞከር ዋጋ የለውም።

ሲም የሚገባበት ራውተር

ይሄ የሞባይል ዳታ ወንድም ነው። ያው ማማ፣ ያው ሕዝብ። ልዩነቱ አንቴናው የተሻለ መሆኑና ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ መያዙ ነው። ደግሞ አንድ ጥሩ ጎን አለው፦ ከስልክ በተለየ የሚቆምበትን ቦታ መምረጥ ትችላላችሁ። መስኮት ላይ፣ ከፍ ካለ ቦታ፣ ወደ ማማው አዙራችሁ። አራዳ ላይ አንድ ደንበኛዬ ራውተሩን ከገንዘብ መሳቢያው ሥር፣ ከብረት መደርደሪያው ኋላ አስቀምጦት ነበር። "እንዳይሰረቅ ነው" አለኝ። መስኮቱ ላይ ሰቀልኩለት። አዲስ ፓኬጅ ሊገዛ የነበረውን ተወው።

ለኪራይ ቤት ይመቻል። ስትለቁ ነቅላችሁ ትሄዳላችሁ። ስትገዙ ለማንኛውም ሲም ክፍት መሆኑን ጠይቁ። ለአንድ ኩባንያ ብቻ የተቆለፈ ከሆነ ሁለተኛው ሲማችሁ ጥቅም የለውም።

የኮፐር መስመር

አሮጌው የስልክ ሽቦ። ቤቱ ድሮ የጠረጴዛ ስልክ ከነበረው ሽቦው ምናልባት እዚያው አለ። ጥቅሙ ከማማው ሕዝብ ጋር አለመጋፋቱ ነው። ሆኖም ከቴሌ ማከፋፈያው በራቃችሁ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል፤ 4 ኪሎ ሜትር ላይ ከደረሳችሁ ብዙ አትጠብቁ። ሌላው መብረቅ ነው። የጎንደርን ክረምት ታውቁታላችሁ። ሽቦው መዳብ ስለሆነ የመብረቅን ኃይል ይዞ ሊገባና ራውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ሰማዩ ሲያጉረመርም ንቀሉ። አዲስ መስመር ለሚያስገባ ሰው ኮፐርን አልመክርም። ያለው ግን እስከሠራ ድረስ ይጠቀምበት።

ፋይበር

ፋይበር መስታወት ነው። ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አይሄድበትም። ስለዚህ መብረቅ በእሱ በኩል አይገባም፣ ርቀትም እንደ ኮፐር አያደክመውም። ማውረድም መጫንም ይችላል። ከጥር ሕዝብ ጋርም በማማ አይጋፋም። ከማከፋፈያው እስከ ቤታችሁ ያለው መንገድ በአብዛኛው መብራት አይፈልግም። የእናንተ ሳጥንና ራውተር ባትሪ ካላቸው ሰፈሩ ጨልሞም ልትሠሩ ትችላላችሁ። ለዚህ ነው ፋይበር ያለ ባትሪ ማስገባት ግማሽ ሥራ ነው የምለው።

በትልቁ ስናየው የእድገቱ ወሬ ሥጋ የሚለብሰው እዚህ ነው። የባሕር ሥር ኬብሎች አፍሪካ ሲደርሱ፣ ፈጣኑ መስመር በደረሰባቸው ቦታዎች የሥራ ቅጥር መጨመሩን እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት አሳይቷል። እኛ ባሕር የለንም። የእኛ ዳታ ጎረቤት አገሮችን አቋርጦ፣ በተለይ በጂቡቲ በኩል፣ ወደ ባሕር ይወርዳል። ጎንደር ላይ ሆኖ ለውጭ አገር ደንበኛ ቪዲዮ የሚያቀናብር ልጅ ከዚያ ኬብል ጋር የሚገናኘው በፋይበር ከሆነ ሌላ ልጅ መቅጠር ይችላል። በስልክ ዳታ ከሆነ ራሱም ይቸገራል።

መጥፎው ጎን፦ ሁሉም ቅያስ አልደረሰም። ጎረቤት ስላስገባ እናንተም ታስገባላችሁ ማለት አይደለም፤ ማከፋፈያ ሳጥኑ ላይ ባዶ ቦታ መኖር አለበት። ሲቆረጥ ራሳችሁ አትቀጥሉትም፣ ልዩ መሣሪያ ያለው ባለሙያ መጥቶ ነው የሚበይደው። አንድ ደንበኛዬ ግንበኞች ኬብሉን ቆርጠውበት አንድ ሳምንት ሙሉ ጠብቋል። ወርሃዊ ክፍያው ደግሞ ሥራ ቢኖርም ባይኖርም ይቆጥራል።

የጋራ ዋይፋይና ሳተላይት

ከፎቁ ወይም ከጎረቤት ጋር መጋራት ርካሽ ነው፣ ግን ባለቤቱ ፊልም ሲከፍት ሥራችሁ ይቆማል። ውሉ ማካፈልን ይፈቅድ እንደሆነም አንብቡ። የክፍያ ሥራ በሰው ዋይፋይ ላይ አታድርጉ። ሳተላይትን በተመለከተ፣ ዘመድ ከውጭ ዲሽ ይዞልኝ ይምጣ ከማለታችሁ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ። ያለ ፈቃድ የገባ ዕቃ ጉምሩክ ላይ ቢቀር እኔን አትውቀሱ።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ለመጀመር | መብራት ሲጠፋ | ሕዝብ ሲበዛ | ወደ ላይ መጫን | ሲበላሽ |
|---|---|---|---|---|---|
| የሞባይል ዳታ | ስልኩ ካለ ምንም | ማማው እስካለ ይሠራል | ይጨናነቃል | ይለዋወጣል | ሲም መቀየር |
| ሲም ራውተር | የራውተሩ ዋጋ | ባትሪ ይፈልጋል | ይጨናነቃል | ትንሽ ይሻላል | ሌላ ሲም ማስገባት |
| ኮፐር | ሽቦው ካለ ቀላል | ባትሪ ይፈልጋል | ብዙም አይነካውም | ደካማ | ጠጋኝ መጠበቅ |
| ፋይበር | ከሁሉም ከፍ ይላል | ባትሪ ይፈልጋል | ብዙም አይነካውም | ጠንካራ | ጠጋኝ መጠበቅ |
| የጋራ ዋይፋይ | ርካሽ | በባለቤቱ እጅ | በባለቤቱ እጅ | ደካማ | ባለቤቱን መለመን |

ለማን የቱ?

ትንሽ ሱቅ ከሆናችሁና ኢንተርኔቱን የምትፈልጉት ክፍያ ለመቀበል ብቻ ከሆነ፣ የሞባይል ዳታ ይበቃችኋል። ገንዘብ አታባክኑ። ከዚያ ይልቅ አንድ ነገር ልመዱ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ አለ፤ ብዙ ሰው ግን የሚያውቀው አፑን ብቻ ነው። ኮከብ 127 መሰላል (*127#) ብላችሁ ደውሉ። ዳታ አይፈልግም፣ ድምፅ በሚሄድበት ኔትወርክ ነው የሚሄደው። አፑ ሲዞር ደንበኛው በዚህ ይክፈል። ቁጥሩን ጻፉና መደርደሪያው ላይ ለጥፉት። ወጪው የአንድ ወረቀት ነው።

የሀበሻ ልብስ በቴሌግራም ለውጭ የምትሸጡ፣ ፎቶና አጭር ቪዲዮ የምትጭኑ፣ ሲም ራውተርና ትንሽ ባትሪ ያዙ። ከባዱን ጭነት ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ልቀቁት፤ ማማው ያኔ ይተነፍሳል።

ከመተማ በኩል ሰሊጥ የሚያመጣ ነጋዴ የሚፈልገው ፍጥነት አይደለም። ሾፌሩ የት እንደደረሰና ዋጋው ስንት እንደዋለ ማወቅ ነው። ከሁለቱም ኩባንያ አንድ አንድ ሲም ይያዝ፣ አንድ የቁልፍ ስልክም ይጨምር። ባትሪው ለቀናት ይቆያል።

ቪዲዮ የምታቀናብሩ፣ ለውጭ ደንበኛ የምትሠሩ፣ ሠራተኛ ለመቅጠር የምታስቡ፦ ቅያሳችሁ ላይ ከደረሰ ፋይበር አስገቡ፣ ካልደረሰ ወደደረሰበት ቢሮ መከራየትን አስቡ። ቀልዴን አይደለም። የኪራዩ ልዩነት በመጫኛው ሰዓት ይመለሳል። ሲም ራውተሩን ለመጠባበቂያ አስቀሩት።

ለእንግዳ ማረፊያና ለሆቴል ደግሞ ቁጥር እንሥራ። አንድ እንግዳ መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ ሲያይ 3 ሜጋ ቢት ገደማ ይወስዳል። ማታ 8 ክፍል በአንድ ጊዜ ቢያዩ 24 ሜጋ። ይህን ሲም ራውተር በበዓል ሰሞን አይሸከመውም። ፋይበር ይሁን። የእንግዳውንና የመቀበያውን ዋይፋይ ግን ለዩ፤ እንግዳው ኳስ ሲያይ የእናንተ ክፍያ እንዳይቆም።

ከምንም በፊት ሰባት ቀን ደብተር ያዙ። መስመሩ ሲጠፋ ሰዓቱን፣ መብራት ነበረ ወይስ አልነበረም፣ ስልክ ይደወል ነበር ወይ የሚለውን ጻፉ።

እህቴ ጻፈች። በሰባት ቀን 11 ጊዜ ጠፍቷል። ሰባቱ መብራት ነው፤ ራውተሩ ከፍሪጁ ጋር በአንድ ዲቫይደር ተሰክቶ ነበር፣ መብራት ሲመጣም ሰው እስኪያስታውስ ሳይበራ ይቆያል። ሦስቱ ማታ እንግዳ ሲበዛ። አንዱ ብቻ ከውጭ የመጣ ነበር።

የጥር 12ቱን ነገር ግን ፋይበር ቢኖርም አያድናትም ነበር። ብሩ ከእንግዳው ባንክ ወጥቷል፣ የእሷ ባንክ አልደረሰም። መሃል ላይ የቆመ ገንዘብ ነው፤ በእሷ ግቢ ያለ ሽቦ አይደለም። ይህን ስነግራት ትንሽ ተናደደች። ከዚያ ባትሪውን ገዛች፣ ለፋይበሩ አመለከተች፣ ሂሳብ ደግሞ እንግዳው ሲወጣ መቀበል ትታ ሲገባ መቀበል ጀመረች። ፋይበሩ እስካሁን አልመጣም። መቀበያው ላይ የሰሞኑ ቀን መቁጠሪያ ጎን *127# የሚል ወረቀት ተለጥፏል፣ በእሷ የእጅ ጽሑፍ።